ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ፦ የጎጃም ልጃገረዶች ትምህርት የሚቋረጥበት ቦታ

ሞሰቦ ከባሕር ዳር ብዙም ሳትርቅ በይልማና ዴንሳ ወረዳ የምትገኝ የገጠር ቀበሌ ናት። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም የተሞከረው እዚያ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ትምህርት ላይ ላሉት ልጃገረዶች ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣል። ያቋረጡት ወይም ከነጭራሹ ያልጀመሩት ደግሞ ከአካባቢው በተመረጡ ሴቶች መሪነት በቡድን እየተሰበሰቡ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ስለ ጤናቸው ይነጋገራሉ፣ ሙያ ይለምዳሉ። ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች ስለ ልጆች ጋብቻ ይወያያሉ። ልጅቱ ሁለቱን ዓመት ሳትዳር ከቆየች ከነቤተሰቧ አንዲት በግ ወይም ፍየል ትሸለማለች።

ውጤቱ በጥናት ሲለካ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ሆነ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ የመዳር ዕድል፣ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ማነጻጸሪያ ቀበሌ ጋር ሲተያይ፣ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሏል። የሞሰቦ ስም እስከ ዛሬ በየአገሩ በሚጻፉ ጥናቶች የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚሁ ጥናት የወጣ፣ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ውጤት አለ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ሲያበቃ ከማነጻጸሪያው ቀበሌ እኩዮቻቸው በበለጠ አግብተው ተገኙ። ትንንሾቹን ያቆየው ድጋፍ ትልልቆቹን አላቆየም። እኔ እንደማምነው፣ ስለ ጎጃም ልጃገረዶች ትምህርት መነጋገር ከፈለግን መነሻችን ይህ ሁለተኛው ውጤት መሆን አለበት። የመጀመሪያው ውጤት ደብተር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያሳየናል፤ ሁለተኛው ውጤት የደብተር ጉልበት የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳየናል።

ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል በሌሎች ቀበሌዎች የድጋፉ ዓይነቶች ተነጣጥለው ተሞክረዋል። ለ12–14 ዓመት ልጆች የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ መስጠት የመዳር ዕድላቸውን በ94 በመቶ ቀንሶት ተገኝቷል። ለ15–17 ዓመቶቹ፣ ሳያገቡ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ሁለት ዶሮ በተሰጠበት አካባቢ፣ ዕድሉ በግማሽ ቀንሷል። ለአንዲት ልጅ በዓመት የወጣው ወጪ እንደ ድጋፉ ዓይነት ከ17 እስከ 44 የአሜሪካ ዶላር ነው። ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ነገር ግን ዕድሜ ከፍ ሲል ውጤቱ እየሳሳ የሄደበትን ምክንያት ለመረዳት ልጅቱ በ15 ዓመቷ የት እንደምትቆም ማየት ያስፈልጋል።

ስንቅና የኪራይ ክፍል

በጎጃም ገጠር እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአብዛኛው ቀበሌ ወይም በጎረቤት ቀበሌ አለ። ልጅቱ ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ተምራ ትመለሳለች። ማታ እቤቷ ታድራለች፤ እናቷ ታያታለች። ዘጠነኛ ክፍል ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለወጣል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው በአብዛኛው ወረዳው ከተማ ነው፦ አዴት፣ መራዊ፣ ደምበጫ፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ድጎ ጽዮን፣ የዕድ ውኃ። ከአንዳንዱ ቀበሌ እዚያ ለመድረስ የሦስትና የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በመስከረም ደግሞ ሙጋና ሱሃ፣ ጨሞጋና ጥምጫ ገና አልጎደሉም።

ስለዚህ ክፍል መከራየት ግድ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንዲት የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ወረዳ ከተማ በሚያስገቡ መንገዶች የሄደ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ልጆች እንጀራ በአገልግል፣ ሽሮና በርበሬ በፌስታል፣ ጥቂት ማገዶ በጀርባ ይዘው በሰልፍ ይገባሉ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ካደረሰ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ይሻግታል። ሐሙስና ዓርብ በድርቆሽና በተቆላ እህል ያልፋሉ። ዓርብ ከትምህርት መልስ ስንቅ ለመያዝ ወደ ገጠር ይመለሳሉ፤ ቅዳሜ እናት የምትጋግረውን እያገዙ ይውላሉ፤ እሑድ እንደገና መንገድ። ጥናት የሚባለው በዚህ መሐል የተረፈው ሰዓት ነው።

ይህ ኑሮ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ይመስላል፤ አይደለም። ወንድ ልጅ ስንቅ ሲያልቅበት ቅዳሜ ድንጋይ ተሸክሞ ወይም ጭነት አውርዶ የዳቦውን ያገኛል፤ ማንም ምንም አይለውም። ሴቷ ገንዘብ የምታገኝበት በር ጠላ ቤት መላላክ፣ ሻይ ቤት ማስተናገድ ወይም የአከራይዋን ልብስ ማጠብ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ወሬ ሳያስነሳ አያልፍም። ክፍሏ መቀርቀሪያ ይኑራት አይኑራት፣ መጸዳጃው ከግቢው ጥግ ይሁን ከግቢ ውጪ፣ አከራዩ ማታ ጠጥቶ የሚገባ ይሁን አይሁን፣ ለወንዱ የምቾት ጥያቄ ነው። ለእሷ ግን ትምህርቷን የሚወስን ጉዳይ ነው። ባጃጅ ላይ አንድ ጊዜ ተቀምጣ ከታየች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቀበሌዋ ይደርሳል።

አባት ይህን ሲሰማ የሚያደርገው ነገር ከውጭ ሲያዩት ጭካኔ ይመስላል። ከውስጥ ሲያዩት ፍርሃት ነው። «ስሟ ሳይጠፋ» ይላል። ልጁ ሳታገባ ያረገዘች እንደሆነ የሚያገባት አይገኝም፤ ቁሞ ቀር ትባላለች፤ እናቷ ገበያ ላይ ቀና ብላ አትሄድም። ጠያቂው ቤተሰብ ደግሞ ጨዋ ነው፤ በሬ አለው፤ ሽማግሌ ልኳል። ብዙ ወላጅ ልጁን የሚድረው ትምህርት ስለሚጠላ አይደለም። ልጁን ያለ ጠባቂ ከተማ ማስቀመጥና ለባል መስጠት ሲመዝን ሁለተኛው አስተማማኝ ስለሚመስለው ነው። ይህን ፍርሃት ሳንቀበል «ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጎጂ ነው» የሚል ስብሰባ ብንደጋግም ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ፍርሃቱም አብሮት ይመለሳል።

እዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከቤት ርቆ የሚማር ልጅን መደገፍ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስ ለዘመናት ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን አስተናግደዋል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ማንም ባልቴት ባዶ እጁን አትመልሰውም። ጎጆው ከየኔታ ደጅ ነው፤ ጓደኞቹ ከጎኑ ናቸው፤ ሕዝቡ ስንቁን የጋራ ዕዳ አድርጎ ይሸከመዋል። ልጅ ከወላጅ ርቆ ሲማር መጠለያ፣ ምግብና የሚቆጣጠር ታላቅ ሰው እንደሚያስፈልገው ይህ ማኅበረሰብ ከማንም በላይ ያውቃል። ለዘጠነኛ ክፍል ልጃገረድ ግን ከሦስቱ አንዱም አልተዘጋጀላትም።

ገንዘቡ የሚገኝበት ወርና የሚፈለግበት ወር

ጎጃም ሲባል ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ የቡሬ በርበሬ፣ የቆጋ መስኖ ይታሰባል። ጎተራ ነው። በዚህ ምክንያት በዓባይ ሸለቆ ጠርዝ ካሉ ጥቂት ወረዳዎች በስተቀር ሴፍቲኔቱም፣ የምግብ ዕርዳታውም፣ የትምህርት ቤት ምገባውም አብዛኛውን ጎጃም ዘልሎት ያልፋል። ድህነቱ ግን አለ፤ የሚታይበት መንገድ ነው ሌላ የሆነው። ሁለት ሦስት ቃዳ (አንዱ ሩብ ሄክታር ገደማ) መሬት ያለው ገበሬ፣ መሬት ኖሯት በሬ ስለሌላት ለእኩል የምትሰጥ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ወዲህ የተወለደና በስሙ መሬት የሌለው ወጣት ባለትዳር፤ እነዚህ ሁሉ በ«ትርፍ አምራች» ወረዳ ውስጥ የሚኖሩ ድሆች ናቸው። ወረዳው ትርፍ ያመርታል፤ እነሱ አያመርቱም።

የእነዚህ ቤቶች ድህነት ደግሞ ወቅት አለው። ጤፉ የሚታጨደውና የሚወቃው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ገንዘብ እጅ የሚገባው ጥር ላይ ነው። ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ይሳሳል፤ ነሐሴና መስከረም የዓመቱ ጭንቅ ወራት ናቸው። ትምህርት ቤት የሚመዘገበው ታዲያ መቼ ነው? በዚያው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም። የቤት ኪራይ ቅድሚያ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ የመጀመሪያው ስንቅ፤ ሁሉም በአንድ ላይ የሚጠየቀው ቤተሰቡ ምንም በሌለው ሰዓት ነው። በግ ሸጦ ማስመዝገብ ይቻላል። ሁለት ልጅ ካለ ግን አንዱ ይመረጣል፤ ማን እንደሚመረጥ መገመት አያዳግትም።

ጥር ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እህል አለ፤ ገንዘብ አለ፤ መንገድ ደርቋል። ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም ያለው ጊዜ ደግሞ ሰርግ የሚደገስበት ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ልጅቱ ለዕረፍት ቤቷ የምትመለሰው በዚሁ ሰሞን ነው። የኪራይ ገንዘብ መክፈል የሚችልበት አቅም የተፈጠረለት አባት፣ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ይላክበታል። ሁለተኛው የሰርግ ወቅት ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይመጣል፤ እሱም ከዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና በፊት ነው። በገጠር የሚያስተምሩ መምህራን ስም ሲጠሩ ቦታው ባዶ የሚሆነው መቼ መቼ እንደሆነ ሳይጽፉት ያውቁታል፤ አረም ላይ፣ አጨዳ ላይ፣ ገበያ ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የካቲት ላይ።

ዕርዳታ የሚሰጥ ሁሉ ይህን የቀን መቁጠሪያ ቢያይ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ለሴት ተማሪዎች የሚታደለው ደብተር ኅዳር ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፤ ፎቶ ተነስቶ፣ ንግግር ተደርጎ። መስከረም ላይ ሳትመዘገብ የቀረችው ልጅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አልነበረችም። ያው ደብተር በነሐሴ መጨረሻ ቢሰጥ ኖሮ ሰልፉ ይረዝም ነበር።

ተምራ የት ትደርሳለች?

ወላጅ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት መልሱ በዓይን የሚታይ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ተቀብሎ ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ይመድብ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነዋል። መምህርነትም እንደዚሁ ነበር፤ አሥረኛ ጨርሳ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም መምህራን ኮሌጅ የገባች ልጅ ተመልሳ በአገሯ ታስተምራለች። አባት ጎረቤቱን ልጅ ደመወዝተኛ ሆና፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ በቀበሌው ስትዞር ያያል። ሁለት ዓመት የወረዳ ከተማ ኪራይ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ደጁ ላይ ነበር።

ያ መሰላል ዛሬ ከፍ ብሏል። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ ሥልጠናዎቹም አሥራ ሁለተኛን ይጠይቃሉ። ይህ በትምህርት ጥራት በኩል የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ለድሃ ቤተሰብ ግን የሁለት ዓመት ኪራይና ስንቅ አራት ዓመት ሆነበት። በላዩ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት መጣ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል የፈተናውን ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ገበሬው መቶኛውን አያሰላም፤ «ከእኛ ቀበሌ አንድም አላለፈ» የሚለውን ግን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ልጁን ለአራት ዓመት ከተማ አስቀምጥ ሲባል ምን ይበል?

ፈተናው ጠብቆ ኩረጃ መቆሙን አልቃወምም፤ ያልተማረን ልጅ አልፏል ብሎ መላክ ማታለል ነው። ነገር ግን ፈተናውን ብቻ አጥብቀን የገጠር ትምህርት ቤቱን እንደነበረ ስንተወው ዋጋውን መጀመሪያ የምትከፍለው ልጃገረዷ ናት። ወንድሟ ወድቆ ሲመለስ ወጣት ወንድ ነው፤ የሚሞክረው ሌላ ነገር አይጠፋም። እሷ ከመሄዷ በፊት «ይቅርብሽ» ትባላለች። ስለዚህ ለሴቶች የሚሰጥ ቱቶሪያል፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ በተለይ፣ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ጉዳይ አድርጎ ማየት አይገባም። ወላጅ ልጁን ትምህርት ላይ ለማቆየት ምክንያት የሚያገኝበት ነው።

ሕጉ፣ ዕድሜውና የንስሐ አባቱ

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ ያልደረሰች ልጅ ያገባን ሰው ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስር ይቀጣል። ለውጥም አለ። በ2003 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ 15 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። ይህ የእናቶቻቸው ዘመን ነው። የዛሬዎቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ዘግይተው ያገባሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን በ2008ቱ ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶዎቹ ከ18 በፊት፣ 14 በመቶዎቹ ከ15 በፊት አግብተዋል።

ሕጉ የሚደናቀፈው አንድ ተራ ነገር ላይ ነው፤ ልጅቱ ስንት ዓመቷ እንደሆነ የሚያረጋግጥ ወረቀት የለም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዛሬ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያሉት ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። አባት «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ካለ ክርክሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ውሳኔው በመልክና በቁመት ግምት ያልቃል። ሰርጉም ተዝካር ወይም ማኅበር ተብሎ ይደገሳል። የጠቆመው መምህር ደግሞ እዚያው ቀበሌ የሚኖር፣ ቤት የተከራየ፣ ከሰው ጋር የሚውል ሰው ነው።

ከፖሊስ ይልቅ ቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባት ነው። ሽማግሌ ሲላክ ምክር የሚጠየቀው፣ በቁርባን ወይም በተክሊል ሲጋቡ የሚባርከው እሱ ነው። ለክህነት የሚዘጋጅ ዲያቆን ድንግል ማግባት ስላለበት ልጅ በዕድሜ ትንሽ ሳለች የሚታጭበት ልማድም በዚህ አገር የቆየ ነው። ካህኑ «ዓመት ይቆያት፣ ትማር» ካለ ግን የሚቃወመው አባት ጥቂት ነው። በወረዳ ስብሰባ ላይ ካህናትን ጸሎት ለማስጀመር ብቻ መጥራት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት የአጥቢያው ካህን የልጃገረዶቹን ስም ዝርዝር በእጁ ቢይዝ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ይሠራል።

ስለ ጤናው ነገር ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል በቂ ምስክር ነው፤ ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው በአካባቢው ብዙ ታማሚ ስለነበረ ነው። ዳሌዋ ሳይሰፋ ያረገዘች ልጅ ምጧ ሲረዝምና ሆስፒታል ሲርቅ የሚደርስባት ጉዳት ሳይታከም ከቀረ ዕድሜ ልክ የሚከተላት ነው።

የወር አበባንም ሳላነሳ አላልፍም። በክልሉ ገጠር የመጀመሪያው የወር አበባ የሚመጣው ልጅቱ ወንድ ስላወቀች ነው የሚል እምነት አለ። ስለዚህ የ13 ዓመት ልጅ ደም ስታይ ለእናቷ እንኳ ለመንገር ትፈራለች፤ ወላጅም የመጣበትን ምክንያት በዚያው እምነት ተርጉሞ «ጊዜው ደርሷል» ይላል። በር የሌለው መጸዳጃ ባለበት፣ ውኃ በሌለበት ትምህርት ቤት በየወሩ ሦስት አራት ቀን መቅረት የተለመደ ነው። ሞዴስ ገዝቶ መስጠት ጥሩ ነው፤ ታጥቦ የሚደገመው ደግሞ ለገጠር ይበልጥ ይሆናል። ከሁለቱም በፊት ግን በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል ለሴቶችም ለወንዶችም ለእናቶችም ጉዳዩ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሳታፍር የምትናገር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲዘጋ

ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ጊዜ ያለው ችግር ነው። ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄደው ጦርነት ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ይመዘገባሉ ተብለው ከታቀዱት 7 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከግማሽ በላዩ አልተመዘገቡም። መምህራን ሸሽተዋል፤ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል ወይም የታጣቂ ማደሪያ ሆነዋል።

ለልጃገረድ ትምህርት ቤት መዘጋቱ ከትምህርት በላይ ያሳጣታል። ሽማግሌ ሲመጣ አባት «ትማር እንጂ» ብሎ በክብር የሚመልስበት ምክንያት ትምህርቷ ነበር። እሱ ሲጠፋ «ምን ትሠራለች?» ለሚለው መልስ የለም። በዚህ ላይ የታጠቀ ሰው በየመንደሩ በሚያልፍበት ዘመን ወላጅ ሴት ልጁን ባል ጥላ ሥር ማስገባትን እንደ መከላከያ ያየዋል። ሌሎቹ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሰው ቤት ለመቀጠር ይሄዳሉ፤ ዕድሜያቸው አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ነው።

በዚህ ዘመን የተቋረጡ ልጆች ነገሩ ሲረጋጋ በራሳቸው ይመለሳሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በ13 ዓመቷ ከሰባተኛ ክፍል የወጣች ልጅ ዛሬ 16 ሆናለች። ከታናሽ እህቷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰባተኛን እንድትጀምር ማዘዝ እንዳትመለስ መንገር ነው። ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት የሚያስጨርስ የተፋጠነ ትምህርት፣ ለባለትዳሮቹና ለወለዱት የከሰዓት ወይም የቅዳሜ ፈረቃ ያስፈልጋል። ሞሰቦ ላይ ባለትዳር ልጃገረዶች የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም ከገጠር መጥተው ሰው ቤት ለተቀጠሩ ልጆች አሠሪዎቻቸውን ቤት ለቤት እያናገረ የመማሪያ ሰዓት አስገኝቷል። ያገባች ልጅ አለቀላት የሚል አስተሳሰብ በባለሙያዎችም ዘንድ አለ፤ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ምን ይደረግ?

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለጣራው ነው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም አጠገቡ፣ ለገጠር ሴት ተማሪዎች ብቻ የሚሆን፣ አጥርና መብራት ያለው፣ የጋራ ማዕድ ቤትና መጸዳጃ ያለው ማደሪያ። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም። የአካባቢው ሰው በራሱ እንጨትና ጉልበት ስንት መማሪያ ክፍል ሠርቷል። ማደሪያውን የምትጠብቅ፣ ልጆቹ ማታ መግባታቸውን የምታይ፣ ከየቀበሌው ወላጆች ራሳቸው የሚያምኗት አንዲት ትልቅ ሴት በደመወዝ ትቀመጥ። ማደሪያ እስኪሠራ ድረስ ወረዳው ከተማ ያሉ ታማኝ እናቶችን ቤት መርጦ፣ መዝግቦ፣ ልጆችን በቡድን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኪራዩም ከአከራዩ ጋር በወረቀት ይታሰር። ለአባት «ልጅህ እገሌ ቤት ናት፣ እገሊት ታያታለች» ማለት ሲቻል «ስሟ ሳይጠፋ» የሚለው ፍርሃት ግማሹ ይወድቃል።

ሁለተኛው ስንቅ ነው። ወላጅ እህል አለው፤ የሌለው መጓጓዣና የሚጋግርበት ጊዜ ነው። ማደሪያው ወፍጮ ቤት ከፍሎ እህሉን በኩንታል በጥር ተቀብሎ ቢያስቀምጥና እንጀራው እዚያው ቢጋገር፣ ልጅቱ በየሳምንቱ የምትመላለስበትን መንገድ ታተርፋለች። ቅዳሜና እሑድ ለጥናት ይሆናሉ። ምንም የሌለው ቤት ደግሞ የእሱን ድርሻ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ወይም ወረዳው ይሸፍንለት፤ የትኛው ቤት እንደሆነ ቀበሌው ያውቃል፣ መጠይቅ ማስሞላት አያሻም።

ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ ወሩ ይታይ፤ ከፊሉ በነሐሴ መጨረሻ ለምዝገባና ለኪራይ፣ ከፊሉ በየካቲት መጀመሪያ ልጅቱ ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ተመልሳ ስትፈርም። ይህ ሁለተኛው ክፍያ በጥር የሚመጣውን ሽማግሌ በቀጥታ የሚገጥም ነው። የሞሰቦ በግና የዶሮዎቹ ሙከራ ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ነገር፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ለቤተሰቡ በሙሉ።

ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስም ዝርዝር ነው። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያለፉ ሴቶች ስንት ናቸው? በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል የተመዘገቡት ስንት ናቸው? የመጀመሪያው ቁጥር በአንዱ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አለ፤ ሁለተኛው በሌላው። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከአንዱ ኖሮ ከሌላው የጠፋውን ስም አውጥቶ፣ እስከ መስቀል ድረስ ቤቷ የሚሄድ ሰው በብዙ ወረዳ የለም። ያለፈች ልጅ ስላልመጣች አቋራጭ ተብላ እንኳ አትቆጠርም፤ አንዱ ትምህርት ቤት አስመርቋታል፣ ሌላው አያውቃትም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን ሥራ ለአንድ ሱፐርቫይዘር ቢሰጠው በሁለት ሳምንት ያልቃል። በዚህ ዓመት ስማቸው የጠፋው ልጆች ሰርጋቸው ገና አልተደገሰም፤ ጥር ሩቅ ነው።